መልስ፦ አባቴ መንዳት አላቆምም አሉኝ፣ ምን ላድርግ?

የ74 ዓመት አባትህ በአንድ ወር ሁለቴ አጥር ገጭተው መንጃ ፈቃዴን አልመልስም ካሉ፣ ስለ መንጃ ፈቃዱ ለጊዜው ዝም በል። መጀመሪያ አይናቸውን አስመርምር፣ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ውሰዳቸው። ማታ የፊት ለፊት መብራት የሚያጭበረብራቸው ከሆነ የአይን ሞራ ሊሆን ይችላል እሱ ደግሞ በኦፕራሲዮን ይወጣል፣ ካልሆነም ሀኪም "ይብቃዎት" ሲላቸው ከልጅ አፍ እንደመስማት አይመርም። የሚውጡትን መድሀኒትም ይዘህ ሂድ፣ እንቅልፍ የሚያመጣ አለ።

እስከዛ ማታ መንዳትና ሐረጎን፣ የደሴ ኮምቦልቻን ቁልቁለት፣ ብቻ አስተዋቸው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎሜትር ገደማ ብትሆንም ጉሙና ቁልቁለቱ ከሲኖትራኩ ጋር ለጎረምሳም ይከብዳል፣ ማርሽ ሳይቀንሱ ፍሬን እየረገጡ ብቻ ከወረዱ ደግሞ ፍሬኑ ይግልና አልይዝ ይላል። በቀን ፒያሳ ደርሶ መመለስ ሌላ ነገር ነው።

ቁልፍ ግን እንዳትደብቅ!! እኛ ደብቀን አባባ ሁለት ወር አኮረፉን፣ ለካ ትርፍ ቁልፍ ነበራቸው 😅 ያስተዋቸው ክርክራችን ሳይሆን ታናሽ ወንድሜ አርብ ለመስጊድም ለቅሶም ሲኖር ሳይጠሩት በር ላይ መገኘቱ ነው። መኪናዋን አልሸጥናትም፣ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ራሳቸው ያጥቧታል።