ዳን ምን አጠፋ? እና ሌሎች የአንባቢ ጥያቄዎች

ባለፈው ስለ ያዕቆብ ኑዛዜ፣ ማለትም ስለ ዘፍጥረት 49 ጽፌ ነበር። አባት አልጋው ላይ ሆኖ አሥራ ሁለት ልጆቹን፣ የእስራኤል ነገዶችን አባቶች፣ እየጠራ "በኋለኛው ዘመን የሚያገኛችሁን ልንገራችሁ" የሚልበት ምዕራፍ ነው። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ጎረፈ። "ነገድ" የምትለዋ ቃል እኛ ዘንድ ሲጠሯት ዝም ብላ አትቀመጥም። አንዳንዱ ጥያቄ በአንድ መስመር ያልቃል፣ አንዱ ግን ሁለት ሌሊት ወስዶብኛል። ደብዳቤዎቹን በራሴ አማርኛ አሳጥሬያቸዋለሁ። ስድቦቹን አውጥቻለሁ።

አሥራ ሁለት ይባላል፣ እኔ ስቆጥር አሥራ ሦስት ይሆንብኛል። ማነው የተሳሳተው? (ከሐዋሳ)

ማንም አልተሳሳተም። ዮሴፍ በልጆቹ በኤፍሬምና በምናሴ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። ሌዊ ደግሞ እንደ ወንድሞቹ ርስት ስላልተሰጠው ከመሬቱ ድልድል ይወጣል። ደግመህ ቁጠር።

ምራቄን ልኬ የዘር ምርመራ አስደረግኩ፤ ውጤቱ "ምሥራቅ አፍሪካ" ብቻ አለኝ። ነገዴን የሚነግረኝ የተሻለ ምርመራ አለ? (ከሜሪላንድ)

የለም። የሮቤልን ምራቅ ለማመሳከሪያ ያስቀመጠ ላቦራቶሪ እስካሁን አልተገኘም። ገንዘብህን ያዝ።

"በትረ መንግሥት ከይሁዳ አይጠፋም" ይላል። እኛም ሞዓ አንበሳ እያልን ኖርን። ታዲያ ደርግ እንዴት መጣ? (ከደብረ ብርሃን፣ "ንጉሡን በዓይኔ ያየሁ ነኝ" ከሚሉ አባት)

አባቴ፣ ጥያቄዎ ቀልድ እንዳልሆነ ገብቶኛል። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ራሱ የንጉሡን ዘር ከቀዳማዊ ምኒልክ፣ ከንግሥተ ሳባና ከሰሎሞን ጋር አያይዞ ነው የሚጀምረው። እንግዲህ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ከቤተ መንግሥት ሲወጡ "ትንቢቱስ?" ብሎ የደነገጠ ሰው ቢኖር አይገርመኝም።

ግን ቀስ ብለን እንየው። ቃሉን ዙፋን ባዶ አይሆንም ማለት ነው ካልን፣ ጥያቄው ደርግን አልጠበቀም። ኢየሩሳሌም ወድቃ ባቢሎናውያን የይሁዳን የመጨረሻ ንጉሥ ሴዴቅያስን ዓይኑን አውጥተው በሰንሰለት ሲወስዱት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ገደማ፣ ያኔ ነው የተነሣው። ለዚህ ነው አይሁድም ክርስቲያኖችም ከጥንት ጀምሮ ጥቅሱን ወደ መሲሑ የወሰዱት። አይሁድ የሚያነቡት የኦንቅሎስ የአረማይክ የኦሪት ትርጉም እንኳ "መሲሕ እስኪመጣ ድረስ" ብሎ ነው የሚፈታው። የእኛ መጽሐፍ "ገዥ የሆነው" የሚለው ቦታ ላይ ያለችው የዕብራይስጥ ቃል ብዙ ያከራከረች ናት። ለእሷ ዕብራይስጥ አዋቂ ይጠይቁ።

ሞዓ አንበሳም ቢሆን ዓረፍተ ነገር እንጂ የሰው ማዕረግ አልነበረም። "ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ ድል ነሣ" ማለት ነው፤ ከራእይ 5 ቁጥር 5 የተወሰደ፣ ስለ ክርስቶስ የተነገረ። ነገሥታቱ በማኅተማቸውና በደብዳቤያቸው ራስ ላይ ያስቀድሙታል፣ ከዚያ የራሳቸው ስምና "ሥዩመ እግዚአብሔር" ይከተላል። በኋላ ሁለቱ ተጣበቁና አንበሳው ንጉሡ ራሱ መሰለ። ታዲያ ንጉሥ ሲወርድ አንበሳው አብሮ የወረደ ይመስላል። አልወረደም። መጀመሪያም እሱ አልነበረም።

መቶ አርባ አራት ሺህ ሰው ብቻ ነው የሚድነው ብሎ አንድ ሰባኪ አስጨነቀን። በዓለም ላይ ካለው ሕዝብ አንጻር እኔ የመግባት ዕድሌ ስንት ነው? (ከዱባይ)

ስሌትሽ አሳቀኝ። አሥራ ሁለት በአሥራ ሁለት፣ ሲባዛ በሺህ፤ ቁጥሩ ራሱ የነገድ ቋንቋ ነው የሚናገረው። ደግሞ ሰባኪው ራእይ 7 ቁጥር 8 ላይ አቁሞ መጽሐፉን ከድኖታል። ቁጥር 9 ላይ "አንድ ስንኳ ሊቈጥራቸው የማይችል" እጅግ ብዙ ሰዎች ይመጣሉ፣ ከሕዝብ ሁሉ፣ ከነገድ ሁሉ። ዮሐንስ ቁጥሩን *ሰማ*፣ ሕዝቡን *አየ*። ምዕራፍ 5 ላይም እንዲሁ ነው፤ አንበሳ ሲባል ይሰማል፣ ዞር ሲል የሚያየው በግ ነው። በሚቀጥለው ስብከት ላይ አንድ መስመር እንዲጨምርልሽ ጠይቂው።

የዳን ነገድ ወደ አውሮፓ ሄዶ ዳኑብን፣ ዴንማርክን በስሙ ሰይሟል የሚል ቪዲዮ አየሁ። (ስም የለውም)

ዳንግላንም ረሱት። ዳንቴልንም።

ከዳን ነገድ ናችሁ፣ ሐሳዌ መሲሕ ከእናንተ ነው የሚወጣው ተባልኩ። (ከሆሎን፣ እስራኤል)

ሁለት ሌሊት የወሰደብኝ ይኸኛው ነው።

የጻፈችልኝ እህት ቤተ እስራኤል ናት፣ አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ትሠራለች። አብራት ለሥራ የመጣች የአገሯ ልጅ፣ ክርስቲያን፣ ሻይ ሰዓት ላይ እየሳቀች ነው የነገረቻት። "እናንተ ከዳን ናችሁ ይባላል አይደል? ለዚህ እኮ ነው ዮሐንስ ራእይ ላይ ያልጻፋችሁ።" እህታችን ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሣች። ጥያቄዋ አጭር ናት፤ እውነት ተጽፏል?

አልተጻፈም። ከዘፍጥረት እስከ ራእይ ሐሳዌ መሲሕ ከዳን ይወጣል የሚል አንድም ጥቅስ የለም።

እንግዲህ ከየት መጣ? በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ኢሬኔዎስ፣ ከእሱም በኋላ አቡሊዲስ እንዲህ ብለው ተርጉመዋል። ያዕቆብ ዳንን በመንገድ ዳር ያለ እባብ፣ የፈረስ ሰኮና የሚነክስ ይለዋል። ኤርምያስ 8 ቁጥር 16 ላይ የፈረሶች ድምፅ ከዳን ተሰማ ይላል። ራእይ 7 ላይ ደግሞ ዳን የለም። ሦስቱን ሲያገናኙት ያ መጣ። አባቶች ናቸው፣ አልንቃቸውም። ግን ይህ ትርጓሜ ነው፣ ንባብ አይደለም። የኛ ሊቃውንት "አንድም" እያሉ በአንድ ጥቅስ ሦስት አራት መንገድ የሚሄዱት ለዚህ እኮ ነው፤ አንዱ አንድምታ ሌላውን ዘግቶ በሰው ላይ ፍርድ አይሆንም። "ንባብ ይገድላል፣ ትርጓሜ ያድናል" የምትለዋን አባባል የሚወዱ ሰዎች አሉ። ንባቡን ጨርሶ ያላነበበ ሰው ግን በምኑ ሞቶ በምኑ ይድናል?

እስቲ ንባቡን እናንብብ። ከመብራት ደረሰኝ ጀርባ ላይ አራት ዓምድ አሰመርኩና ስሞቹን ጎን ለጎን ጻፍኩ፤ ዘፍጥረት 49፣ ዘዳግም 33፣ ሕዝቅኤል 48፣ ራእይ 7። ሁለተኛው ዓምድ ላይ፣ ሙሴ ሲመርቅ፣ ስምዖን የለም። ጭራሽ አልተጠራም። አራተኛው ላይ ዳን የለም፤ ኤፍሬምም በስሙ የለም፣ ዮሴፍ ተብሎ ነው የገባው። አሁን ንገሩኝ፣ ስምዖን ከሙሴ ዝርዝር ስለጎደለ ሐሳዌ መሲሕ ከስምዖን ነው ያለ ሰው ሰምታችኋል? ስም መጉደል ወንጀል ከሆነ ለሁሉም ይሁን።

ሦስተኛው ዓምድ ላይ ደግሞ ብዕሬን አስቀምጬ ፈገግ አልኩ። ሕዝቅኤል የሚመጣውን የርስት ድልድል ሲዘረዝር ከሁሉ መጀመሪያ የሚጠራው ማንን ነው? ዳንን። ከተማዋም አሥራ ሁለት በር አላት፤ በምሥራቅ በኩል አንዱ የዳን በር ነው። ራእይ 7ን ይዞ ሕዝቅኤል 48ን የሚተው ሰው የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚያነበው።

እባቡስ? ያዕቆብ ያንኑ ከማለቱ በፊት "ዳን በወገኑ ይፈርዳል" ይላል። ስሙም እሱ ነው። እኛ "ዳን" ስንሰማ ከበሽታ የመዳን ምርቃት ይመስለናል፤ ያኛው ከሌላ ሥር ነው። ይህኛው የ"ዳኛ" ዘመድ ነው፣ የግእዙ "ደይን" ወገን። እባቡም ትንሽ ሆኖ ፈረሰኛን የሚጥል ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ ሶምሶንን ያስታውሳሉ፣ እሱም የዳን ልጅ ነበር። ሙሴ ደግሞ ዳንን "የአንበሳ ደቦል" ብሎታል። ያዕቆብ ይሁዳን የጠራበት ቃል ነው፣ ያው አንበሳ። የመገናኛ ድንኳኑን ከባስልኤል ጋር የሠራው ኤልያብም የዳን ሰው ነው።

የኤርምያስ ፈረሶች ጉዳይ ከሁሉ ቀላል ነው። ዳን በሰሜን ጫፍ ያለች የድንበር ከተማ ናት። ጠላት ከሰሜን ሲመጣ ድምፁ መጀመሪያ ከዚያ ይሰማል። ደርቡሽ በመተማ በኩል ገባ ስንል የመተማ ሰው ደርቡሽ ነው ማለታችን ነው?

ዳን ኃጢአት የለበትም አልልም። መሳፍንት 18 ላይ ጣዖት አቁመዋል፣ የሰሜኑ መንግሥት ንጉሥ ኢዮርብዓምም አንዱን የወርቅ ጥጃ እዚያው አኑሯል። ስሙ ከራእይ የቀረው ለዚህ ነው የሚሉ አሉ፣ ያሳምናል። ግን ሌላኛውን ጥጃ ቤቴል ላይ ያቆመው ያው ኤፍሬማዊው ኢዮርብዓም ነው። ይሁዳም ቢሆን ጣዖት አላጣም።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ቤተ እስራኤልን ከዳን ጋር የሚያያይዘው ነገር ስድብ ሆኖ አልተጀመረም። በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኤልዳድ ሃዳኒ የሚባል መንገደኛ ቱኒዝያ ቀይረዋን ደርሶ፣ ዳንና ሌሎች ሦስት ነገዶች ከኩሽ ወንዞች ማዶ አሉ ብሎ ተናገረ። በአሥራ ስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፅ የነበረው ራቢ ዳዊት ቤን ዚምራ ከኩሽ ምድር የመጡት አይሁድ ከዳን ነገድ ናቸው ብሎ ፈረደ። እ.ኤ.አ. በ1973 ያኔ የእስራኤል የሴፋርዲ ዋና ረቢ የነበሩት ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ እሱን ጠቅሰው ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው አሉ። በ1975 አይሁድ እስራኤል ገብተው ዜጋ እንዲሆኑ የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ ለእናንተም እንዲሠራ ተወሰነ። ይህም ሆኖ ወላጆችሽ ዘመን ላይ እንደገና ለአይሁድነታችሁ "ለማረጋገጫ" የሚል ሥርዓት ተጠየቀ፤ በ1985 ኢየሩሳሌም ላይ በዋናው ረቢነት ፊት ለፊት ለሳምንታት የተቀመጡት በዚህ ምክንያት ነው። በቤታችሁ ደግሞ ከምኒልክ ጋር መጣን የሚሉ ሽማግሌዎችም አሉ። ስለ ታሪኩ ከእኔ ይልቅ ቄሶቻችሁን ጠይቂ። ይህን ለይስሙላ አይደለም የምለው፤ ኦሪቱን በግእዝ ይዘው የኖሩት እነሱ ናቸው።

እንግዲህ ያቺ ልጅ በአንድ ሻይ ሰዓት ያደረገችው፣ ለእናንተ በር የከፈተውን ስም ወስዳ በሩን ልትዘጋበት መሞከር ነው። ክፋት ላይሆን ይችላል፤ የሰማችውን ደገመች። ሕዝቅኤል 48ን አስነብቢያት። ባትሰማሽ ደግሞ ቴል አቪቭና ዙሪያዋ ከነሆሎን ጭምር እስከ ዛሬ "ጉሽ ዳን" እንደሚባል ንገሪያት። ደመወዟን የምትቀበለው በዳን ስም በሚጠራ ምድር ላይ ነው።

አሥሩ ነገዶች ጠፉ የሚባለው እውነት ነው? (ከባሕር ዳር)

በከፊል። የአሦር ንጉሥ ሳርጎን የአሥሩ ነገዶች መንግሥት ዋና ከተማ ከነበረችው ከሰማርያ 27 ሺህ 290 ሰው ማረክሁ ብሎ ጽፏል። ይህ ሕዝቡ ሁሉ ሊሆን አይችልም። የቀሩት ቀርተዋል፣ ወደ ይሁዳ የወረዱም አሉ። ሉቃስ 2 ላይ ሕፃኑን በመቅደስ ያየችው ሐና ከአሴር ነገድ ናት፤ አሴር ጠፋ ከተባለ ሰባት መቶ ዓመት በኋላ። ሩቅ አገር ሄደው ሕጋቸውን እየጠበቁ ይኖራሉ የሚለውን ደግሞ በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለው ዕዝራ ሱቱኤል ይተርካል። እዚያ የሄዱበት አገር ስም ካርታ ላይ አይገኝም። ጎግል ላይ አትፈልገው።

ወንድሜ እንቅልፍ ትቷል። (አገሩን አልጽፍም)

ሦስት ሳምንት ሆነው። ግድግዳውን በነገድ ስምና በቁጥር ሞልቶታል፣ ሥራውን ትቷል፣ አሥራ ሁለቱን የሚሰበስበው እሱ እንደሆነ ድምፅ ነግሮታል። እናት ጸበል ይወሰድ ትላለች፣ አንተ ደግሞ ትርጓሜው ስሕተት መሆኑን በጥቅስ እንዳስረዳው እንዳግዝህ ጠየቅኸኝ።

አላግዝህም። ይህ የትርጓሜ ጉዳይ አይደለም። በጥቅስ አትከራከረው፣ አታሹፍበት፣ ብቻውንም አትተወው። ዛሬ ነገ ሳትል የአእምሮ ሐኪም ጋ ውሰደው። በከተማችሁ ከሌለ ትልቁ ሆስፒታል ይሂድና ይላኩት። ራሴን ወይም ሰው እጎዳለሁ የሚል ቃል ካወጣ ደግሞ በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል። ጸበሉም ይሁን፣ እናትህን አትጣላት፤ ግን ከሕክምናው ጋር እንጂ በሕክምናው ፋንታ አይሁን። የታዘዘለትን መድኃኒት ማንም እንዳያስጥለው። ከሄዳችሁ በኋላ አንድ መስመር ጻፍልኝ።

ልጃችንን ይሳኮር አልነው። ክርስትና ላይ አንዱ ዘመድ "አህያ አላችሁት" ብሎ ቤቱን አሳቀብን። (ከአዳማ)

ዘመዳችሁ አንብቧል፣ ይመስገን። ያዕቆብ ይሳኮርን "አጥንተ ብርቱ አህያ" ይለዋል። እኛ ዘንድ ስድብ ነው፣ እዚያ ዘመን ግን በነጭ አህያ የሚቀመጡት ባላባቶች ነበሩ፤ ዲቦራ ስትዘምር ትጠራቸዋለች። እርግጥ ቀጣዩ ቁጥር ይሳኮር ዕረፍት ወድዶ ተሸካሚ ሆነ ስለሚል ዘመዳችሁ ሙሉ በሙሉ አልተሸነፈም። ስሙን አትቀይሩ። 1ኛ ዜና መዋዕል 12 ቁጥር 32 ላይ የይሳኮር ልጆች ዘመኑን የሚያውቁ፣ እስራኤል ማድረግ የሚገባውን የሚያስተውሉ ናቸው ይላል። ለልደቱ ዘመዳችሁን ጥሩትና እሱን ጮክ ብሎ ያንብበው።