መልስ፦ ካርቡራተሮቹን ለመቀየር አትቸኩል

ወንድሜ፣ ያደስከው አልፋ ሮሜዮ 1750 ጂቲቪ መኪናህ ጉልበት ስላነሰው ካርቡራተሮቹን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅሉትን) አውጥቼ ኢንጀክሽን (ቤንዚን በግፊት የሚረጭ ሲስተም) ላስገባ ወይ ብለሃል። እባክህ አታውጣቸው! የዚያ 1779 ሲሲ ሞተር ነፍሱ እነሱ ናቸው። (ለአሜሪካ የተሠሩት ስፒካ የሚባል ሜካኒካል ኢንጀክሽን ነበራቸው፤ ያንተ የአውሮፓው ነው።)

መጀመሪያ ኮምፕሬሽኑን (ሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚፈጠረውን የእመቃ ግፊት) አስለካ፣ የቫልቭ ክፍተቱንና ታይሚንጉንም (ሻማው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ) አስተካክል። ቀጥሎ ካርቡራተሮቹን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኙትን ጎማዎች በእጅ ባትሪ እያበራህ እያቸው። እኔ ከሁሉም በላይ የምጠረጥረው እነሱን ነው። ከላይ ሲያዩአቸው ደህና ናቸው፤ ከስር ግን ተሰንጥቀው ይገኛሉ። በስንጥቁ ትርፍ አየር ይገባል፣ ቤንዚኑ ይሳሳል። ሚኒሞው (ነዳጅ ሳትሰጠው ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ይዋዥቃል፣ ነዳጅ ስትሰጠውም ያንቀዋል። ተሰንጥቀው ካገኘሃቸው ሁሉንም ባንዴ ቀይር። ከዚያ ሁለቱ ካርቡራተሮች እኩል አየር እንዲስቡ በመለኪያ አመጣጥናቸው። የአራቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን እዚሁ ጻፍልን፣ አብረን እናየዋለን።