መጽሐፋችሁን ራሳችሁ የምታሳትሙ፣ ጠይቁኝ

ሥራዬ የሰው መጽሐፍ ገጽና ሽፋን ማሰናዳት ነው። የማውቀው የአማዞኑን ኬዲፒ፣ ማለትም ደራሲ መጽሐፉን ራሱ የሚያሳትምበትን የኢንተርኔት አገልግሎት፣ ስለሆነ ቁጥሮቼ የእሱ ናቸው። አስቀድሜ ግን፦ የታተመ ናሙና በእጃችሁ ሳትይዙ «ይታተም» አትበሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መጽሐፍ ለማሳተም ምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ መጽሐፍ። ጥያቄህን አጥብበህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ ልብወለዴ 300 ገጽ ነው። ነጭ ወረቀት ወይስ ክሬም?

መልስ፦ ይኼ ነው ጥያቄ! ለልብወለድ ክሬም፤ ዓይን አያደክምም። ግን ክሬም ወፍራም ነው። ያንቺ መጽሐፍ ጎኑ፣ መደርደሪያ ላይ ርዕሱ የሚነበብበት ማለቴ ነው፣ በነጭ 17.2 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል፤ በክሬም 19። ሽፋኑን በነጩ ልክ አሠርተሽ ወረቀት ከቀየርሽ አለቀልሽ። እኔ ጀማሪ ሳለሁ ደርሶብኛል። ፊት ሽፋኑ ላይ የተሳለችው ሴት የጆሮዋ ጫፍ ወደ ጎን ታጥፎ መጣ። ስክሪን ላይ ግን ቆንጆ ነበረች።

ሌላም አለ። ከ151 እስከ 300 ገጽ ድረስ በመጽሐፉ መታጠፊያ በኩል የሚተወው ባዶ ቦታ ቢያንስ 12.7 ሚሊሜትር ነው። 301 ሲሆን 15.9 ይገባል። አንድ ገጽ «ምስጋና» ጨምረሽ ሁሉንም ገጽ እንደ አዲስ ልታሰናጂ ትችያለሽ። ናሙና እዘዢ!

ጥያቄ፦ ከኢ-መጽሐፍ ሽያጭ ስንት ይደርሰኛል?

መልስ፦ 35 ወይም 70 በመቶ። 70 የሚታሰበው ዋጋው ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ሲሆን ነው። የቀረውን መመሪያው ላይ አንብብ።

ጥያቄ፦ አርታኢ ግድ ነው? ጓደኛዬ አንብቦልኛል።

ሌላ አባል፦ ጓደኛ ያሞግሳል እንጂ አያርምም።

ጠያቂው፦ የእኔ ጓደኛ አስተማሪ ነው!

ሌላ አባል፦ የምን? የሒሳብ?

መልስ፦ እናንተ ውጭ ወጥታችሁ ተጨቃጨቁ። አርታኢ ቅጠር።

ጥያቄ፦ ኬዲፒ በነፃ የሚሰጠውን አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) ሌላ ቦታ ልጠቀምበት?

መልስ፦ አይቻልም።

ጥያቄ፦ ነጭ ይሻላል ክሬም?

መልስ፦ ኧረ በፈጠራችሁ! ከላይ አንብቡ።

ጥያቄ፦ ፒዲኤፉን ሦስቴ አይቼዋለሁ። ናሙናው ይቅርብኝ?

መልስ፦ ፒዲኤፍ አይታጠፍም። ናሙና እዘዝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ትናንት ማታ «ይታተም» ብዬ 50 ኮፒ አዝዣለሁ።

መልስ፦ ሽፋኑን ለየትኛው ወረቀት ነው ያሠራኸው?

ጠያቂው፦ ለየወረቀቱ ይለያያል እንዴ?