ለመጽሔት የከፈልኩት ገንዘብ ይመለስልኛል ወይ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። መምህር ነኝ። በትርፍ ሰዓቴ አጫጭር ልብወለድ እጽፋለሁ፤ አንዳንዱን ራሴው ወደ እንግሊዝኛ መልሼዋለሁ። ባለፈው ዓመት አንዱን ታሪክ ለአንድ የአሜሪካ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት በኢንተርኔት ላክሁ። ማስገቢያው 3 ዶላር ነበር። ሌላ ታሪክ ደግሞ 20 ዶላር ለሚያስከፍል ውድድር አስገባሁ። አሜሪካ ያለው የአክስቴ ልጅ በካርዱ ከፈለልኝ። ውድድሩን አላሸነፍኩም። መጽሔቱም እስካሁን ድምፁ የለም።

በዚህ መሀል በቴሌግራም አንድ የአገር ውስጥ መጽሔት ገጽ አየሁ። «ለምዝገባ 800 ብር፤ የተመረጠ ሥራ ይታተማል፤ ሌላ ምንም ክፍያ የለም» ይላል። ታሪኬን ልኬ በቴሌብር ከፈልኩ። ሳምንት ሳይሞላ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ተመርጠዋል፤ ለሕትመት 4,500 ብር ይጨምሩ» አሉኝ። አልጨምርም ስል ከገጹ አስወጡኝ። ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ? ጽሑፌስ የእነሱ ሆኖ ቀረ? ለመጽሔቱ የላክሁትን ታሪክ ለሌላ ብልክስ?

መልስ፦ በደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት ዓይነት ገንዘብ አለ። አንዱን ወደው ከፍለዋል፣ ነገሩም አልቋል። ሌላው ግን አላለቀም። ለየብቻ እንያቸው።

በ3 ዶላሩ እንጀምር። በዚህ ነገር ብዙ ጸሐፊ ይናደዳል። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ለመምህሩ ሲነግር የመስሚያ አይጠየቅም፤ ታዲያ የማንበቢያ ክፍያ ምን የሚሉት ነው? እኔም ብዙ አልወደውም። ሕገወጥ ግን አይደለም። ብዙዎቹ የውጭ መጽሔቶች ጽሑፍ የሚቀበሉት ሰብሚተብልን በመሳሰሉ የኢንተርኔት አገልግሎቶች ነው። ለአገልግሎቱ ይከፍላሉ፤ ያንን ወጪ ለማካካስ ከጸሐፊው 3 ዶላር አካባቢ ይጠይቃሉ። የውድድር መግቢያ ከዚህ ከፍ ይላል፤ 20 ዶላር የተለመደ ነው። ሽልማቱም የዳኛው ክፍያም ብዙ ጊዜ ከእሱ ይወጣል።

ስለዚህ እርስዎ የገዙት መነበብን ነው። መታተምን አልገዙም። ቅጹን ሞልተው፣ በደንቡ መስማማትዎን ተጭነው፣ ከፍለው ሲልኩ ውል ገብተዋል። በእኛም ሕግ ቢሆን አንድን ሐሳብ መቀበል በቃል፣ በጽሑፍ ወይም በድርጊት ሊሆን ይችላል (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1681)። «በኢንተርኔት የተደረገ ነገር ምን ውል ይባላል» ብሎ መከራከርም አያዋጣም፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ያንን በር ዘግቶታል። ደንባቸው ውስጥ ደግሞ ክፍያው እንደማይመለስ የሚገልጽ መስመር አይጠፋም።

የሚያስጠይቃቸው ቃል የገቡትን ካላደረጉ ነው። ሥራዎን ሳያነቡ መጽሔቱን ከዘጉ፣ ውድድሩን ከሰረዙ፣ ያስነገሩትን ሽልማት ለማንም ካልሰጡ፣ ያኔ ገንዘቤን መልሱ ማለት ያስኬዳል። መዘግየት ብቻውን እዚህ ውስጥ አይገባም። ወራት የሚያስጠብቁ መጽሔቶች ሞልተዋል። ደንባቸውን ይክፈቱና መልስ ለመስጠት ምን ያህል ጊዜ እንደያዙ ይመልከቱ። ያ ካለፈ አጠር ያለ፣ ትሕትና ያለው መልእክት ይላኩ። ከዚያ በላይ አልመክርዎትም። ከጎንደር ተነስቶ አሜሪካ ላለ መጽሔት መጥሪያ ማድረስ ከ3 ዶላሩ ስንት እጥፍ እንደሚያስወጣ ለሒሳብ መምህር ባልደረባዎ ይተዉለት።

ስለ አከፋፈሉ አንድ ነገር ልበል፣ ባይጠይቁኝም። የአክስትዎ ልጅ እዚያው ሆኖ በራሱ ገንዘብ መክፈሉ ችግር የለውም። ችግር የሚመጣው ሰው ዶላር ከመንገድ ሲገዛ፣ ወይም «ብሩን እዚህ ስጠኝ፣ ዶላሩን እዚያ አስከፍልልሃለሁ» ለሚል ደላላ ሲሰጥ ነው። ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የውጭ ምንዛሪ መነገድ ወንጀል ነው። ለአንድ አጭር ልብወለድ ብለው እዚያ ውስጥ አይግቡ።

ደግሞም መክፈል ግድ አይደለም። ምንም የማያስከፍሉ ታዋቂ መጽሔቶች አሉ። በወሩ መጀመሪያ የተወሰነ ቁጥር ያለው ጽሑፍ በነፃ የሚቀበሉም አሉ። መክፈል ለማይችል ጸሐፊ ክፍያውን የሚያነሱም አይጠፉም፤ ጽፎ መጠየቅ ነው። የአፍሪካ ጸሐፊዎች የሚወዳደሩበት የኬን ሽልማት መግቢያ አያስከፍልም፤ ግን ታሪኩ አስቀድሞ መታተም አለበት፣ የሚያቀርበውም አሳታሚው ነው። የኮመንዌልዝ የአጭር ልብወለድ ሽልማትም ነፃ ነው፤ እኛ ግን የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆንን በኢትዮጵያ ዜግነት ብቻ አይገባበትም። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ሲለፋ አይቻለሁ።

አሁን ወደ 800 ብሩ። እዚህ ላይ ነገሩ ይለወጣል።

በራስ ወጪ ማሳተም ነውር የለውም። አሳታሚው ዋጋውን ከመጀመሪያው ተናግሮ ቢያስከፍል ማንም አይከሰውም። እርስዎ የገጠመዎት ሌላ ነው። ማስታወቂያው ሌላ ክፍያ እንደሌለ ተናግሯል። እርስዎም ያንን አምነው ከፍለዋል። ከዚያ የመታተሚያ ተብሎ ከአምስት እጥፍ በላይ ተጠየቁ። አንዱ ወገን ባያታልለው ኖሮ ሌላው ወገን ውሉን የማይገባ ከሆነ፣ ውሉ በተንኮል ምክንያት ሊፈርስ ይችላል፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1704 ነው። ማፍረስ የሚቻለው ማታለሉን ካወቁ በኋላ ባሉት 2 ዓመታት ውስጥ ነው (ቁጥር 1810)። ማታለሉን ማስረዳት ቢከብድ እንኳ ሁለተኛ መንገድ አለ፦ «በተባለው መሠረት አትሙ፣ ካልሆነ ገንዘቤን መልሱ» ማለት። አሳሳች ማስታወቂያ ደግሞ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ስለሆነ ለከተማው የንግድ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይቻላል።

ወንጀልስ ነው? ሊሆን ይችላል። የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 አታላይነትን ይቀጣል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም በኮምፒውተር አማካይነት የሚፈጸምን ማታለል ይዟል። ግን ዐቃቤ ሕግ ከመጀመሪያውም የማተም ሐሳብ እንዳልነበራቸው ማስረዳት አለበት። አንድ ሰው ብቻ ሲከስ «ዋጋ ጨምሮብን ነው» ብለው ሊያመልጡ ይችላሉ። ተመሳሳይ የደስታ መልእክት የደረሰው አስር ሰው ሲመጣ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ስለዚህ እንደ እርስዎ የተባረሩትን ይፈልጉ። ጽሑፍ የሚያነብ የሚጽፍ የጎንደር ሰው መቼም ይተዋወቃል።

ማስረጃውን ዛሬውኑ ይሰብስቡ፤ ነገ ሊጠፋ ይችላል። ከገጹ ቢያስወጡዎትም በግል የተጻጻፋችሁት ስልክዎ ላይ ካለ አይንኩት። ማስታወቂያውን እስካሁን እዚያ ገጽ ላይ ያለ ጓደኛዎ ስክሪንሾት ያንሳልዎት፤ የገጹ ስምና ቀኑ ይታይ። ከሁሉም በላይ የቴሌብር መልእክቱን ያስቀምጡ። እሱ ላይ የግብይት ቁጥሩና የገንዘብ ተቀባዩ ስም አለ። የቴሌግራም ገጽን ፍርድ ቤት መክሰስ አይቻልም፤ ስምና አድራሻ ያለው ተከሳሽ ያስፈልጋል። ያንን ስም የሚያገኙት እዚያ አጭር መልእክት ላይ ነው። አድራሻውን ካላወቁት ፖሊስ በሕግ አግባብ ማጣራት ይችላል።

ቀጥሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ። ሕጉም ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው አስቀድሞ እንዲያስጠነቅቅ ይፈልጋል (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1772)። ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። መቼ፣ ስንት፣ ለማን እንደከፈሉ፣ ምን ተብሎ እንደነበር፣ በ10 ቀን ውስጥ እንዲመልሱ ይጻፉ። ስድብ አይጨምሩበት። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው የግብይት ቁጥር የተጠቀሰበት ደብዳቤ ሲደርሰው ብሩን ይመልሳል። ካልመለሰ ፖሊስ ጋ ይሂዱ። ክስ ከተመሠረተ የካሳ ጥያቄዎን እዚያው የወንጀል መዝገብ ላይ ማቅረብ ስለሚቻል፣ ለ800 ብር ለብቻው የፍትሐ ብሔር ክስ መክፈት አያስፈልግዎትም።

ጽሑፍዎ የእርስዎ ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ተፈጥሮ በጽሑፍ ከሰፈረበት ጊዜ ነው፤ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። መላክ መስጠት አይደለም። ገንዘብ መክፈልማ ጭራሽ። ሊያሰጋዎት የሚገባው ሳያነቡ የተስማሙበት ደንብ ነው። ደህና መጽሔት የሚጠይቀው የመጀመሪያ የማተም መብትን ነው፤ ከታተመ በኋላ መብቱ ወደ ጸሐፊው ይመለሳል። ደንቡ «የተላከ ሥራ ሁሉ የመጽሔቱ ንብረት ነው» የሚል ከሆነ፣ በነፃም ቢሆን አይላኩ። እርስዎ የራስዎን ሥራ ስለተረጎሙ ሰላም ነዎት። የሌላ ሰው ሥራ ቢሆን ግን ከመላክዎ በፊት የደራሲውን ፈቃድ ይጠይቁ ነበር።

ለመጽሔቱ የላኩትን ታሪክ ለሌላ ስለመላክ፦ አሜሪካኖቹ በደንባቸው ለብዙ መጽሔት በአንድ ጊዜ መላክን ከፈቀዱ ይላኩ፤ አንዱ ሲቀበልዎት ለሌሎቹ ወዲያው ይንገሩ። ካልፈቀዱ መጀመሪያ ጽሑፉን ማንሳትዎን ያሳውቋቸው፤ ብዙ ጊዜ የማንሻ ቁልፉ የላኩበት ገጽ ላይ አለ። 3 ዶላሩ ግን አብሮ አይመለስም። በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ሙሉውን የተለጠፈ ታሪክ ደግሞ ብዙ መጽሔቶች እንደታተመ ቆጥረው አይቀበሉትም። ስለዚህ የአገር ውስጡ ገጽ የእርስዎን ሥራ ለጥፎት እንደሆነ ያጣሩ። ለጥፎት ከሆነ ማስጠንቀቂያው ላይ ታሪኩን ከገጹ እንዲያነሳ የሚጠይቅ አንድ መስመር ይጨምሩበት።