ዘንባባዬን አናቷን ብቆርጣትስ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች የገዛኋት ዘንባባ አሁን ወገቤ ደርሳለች። ቅጠሏ የበረንዳውን መተላለፊያ ይዞብኛል፤ ከሥሩ ያለው እሾህ ደግሞ ልጆቼን ይወጋቸዋል። በዚያ ላይ ዩሪያ ሰጥቻት የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ። እባክዎ፣ አናቷን ብቆርጣት ታጥርልኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ መቀሱን አስቀምጪው። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ቡናም ሲጎነደል ይታደሳል። ዘንባባ ግን በአንድ ግንድ ላይ ያላት ማደጊያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አናቷ ላይ ነው። እሱ ከተቆረጠ ያ ግንድ አለቀለት።

ይህን የምልሽ በገዛ እጄ ስላጠፋሁ ነው። አንድ ዓመት ለሆሳዕና፣ መሃሏ ላይ እንደ ጦር የቆመውን ያልተፈታ ለጋ ቅጠል ፈልጌ ቢላውን እስከ ልቧ አስገባሁት። ቀለበቱም መስቀሉም አማረ። የቀሩት ቅጠሎች ለወራት አረንጓዴ ሆነው ቆዩና አንድ በአንድ ደረቁ። አዲስ አልወጣም። እስካሁን ይቆጨኛል።

እሾኋን ስትነግሪኝ ድንኳ ዘንባባ መሰለችኝ። አገሯ ላኦስና ቬትናም፣ የሜኮንግ ወንዝ አካባቢ ነው። ለእኛዋ ዘንባባም ለቴምርም የቅርብ ዘመድ ናት፤ ግን ብዙ ዓመት ቆይታም ከ3 ሜትር እምብዛም አታልፍም።

እድገቷን የምትይዢው በማሰሮዋ ነው። ሥሯ ቦታ ሲጠበው ቀስ ትላለች። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ አትቀይሪላት። ሥሩ በታችኛው ቀዳዳ ሲወጣ ወይም ውኃው አልሰርግ ሲል ብቻ፣ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ወደሚሰፋ ማሰሮ አዛውሪያት። ሥሯን አትበታትኚው፤ ግንዷንም ከነበረበት በላይ አፈር አታልብሺው። ጥቁር አፈር ብቻውን ውኃ ያቁራል። እኔ ከብስባሽና ከደቃቅ ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ጋር እቀላቅለዋለሁ።

ዩሪያውን አቁሚ። ያለው ናይትሮጅን ብቻ ነው፤ እድገቷን እየገፋ የፖታሲየም እጥረቷን ያብሰዋል። የታች ቅጠል ቢጫ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በዚሁ ነው። ፖታሲየምና ማግኒዥየም ያለበት ማዳበሪያ ካገኘሽ በጥቂቱ ስጫት። ቢጫዎቹን ደግሞ ቶሎ አትልቀሚ፤ ፖታሲየሙን ከእነሱ እየሳበች ለአዲሱ ቅጠል ታቀብላለች። ጭው ብሎ የደረቀውን ብቻ ቁረጪ።

ጥላ ውስጥ ከሆነች ብርሃን ፍለጋ ቅጠሏ ይረዝማል፤ ወደ ብርሃኑ አስጠጊያት። የእሾሁን ጫፍ በጥፍር መቁረጫ ቀንጥቢው። እሷ ምንም አትሆንም፤ ልጆቹም አይወጉም።