ስለ ማች ዝርዝር ለጠየቀችኝ ልጅና ለጓደኞቿ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። አሜሪካ ውስጥ የቀዶ ሕክምና ሬዚደንሲ (የስፔሻሊስት ሥልጠና) ቃለ መጠይቆቿን ጨርሳ፣ አሥራ አንድ ፕሮግራሞች በእጇ ይዛ፣ ማንን ከማን እንደምታስቀድም ግራ ገብቷታል። ማች የሚባለው አመልካቾችና ፕሮግራሞች የላኩትን የምርጫ ዝርዝር አገናኝቶ ሬዚደንቶችን የሚመድበው ሥርዓት ነው። «አብልጬ የወደድኩት ሌላ ነው፤ አንደኛው ግን ‹ዝርዝራችን ላይ ከፍ ብለሽ ነው ያለሽው› የሚል ኢሜይል ልኮልኛል። የወደድኩትን ላስቀድም ወይስ የፈለገኝን?»

መልሱ አንድ መስመር ነው፤ የወደድሽውን አስቀድሚ። በዚሁ ባበቃ ደግ ነበር። ግን ይህንኑ ጥያቄ ከብዙ ዓመታት በፊት ሌላ ልጅ ይዞልኝ መጥቶ የተሳሳተ መልስ ሰጥቼዋለሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

ያ ልጅ ዘጠኝ ቦታ ተጠይቆ ሁለቱ ከሌሎቹ ጎልተው ወጡለት። አንዱ ስሙ የገነነ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። በመካከሉ ሁለት ዓመት የምርምር ግዴታ አለው፤ በጉበትና በቆሽት፣ በትልቁ አንጀት፣ በላፓሮስኮፒ (በካሜራ በሚሠራ ቀዶ ሕክምና) ፌሎዎች፣ ማለትም ሬዚደንሲ ጨርሰው ተጨማሪ ሙያ የሚማሩ ሐኪሞች፣ ያሠለጥናል። ሌላው በዓመት አራት ሬዚደንት ብቻ የሚቀበል፣ ፌሎ የሌለበት፣ የአደጋ ሕክምና ክፍሉ ግን ሌት ተቀን ሥራ የሚበዛበት መካከለኛ ሆስፒታል። የልጁ ልብ ሁለተኛው ላይ ነበር። ለምን እንደሆነም ነገረኝ። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት ሌሊት ትርፍ አንጀት ስታወጣ ሲኒየሩ ታጥቦ አጠገቧ ይቆማል እንጂ ካልተቸገረች በቀር መሣሪያውን ከእጇ እንደማይወስድ አጫውታዋለች። በኋላ ሳስበው ከጉብኝቱ ሁሉ ይዞት የተመለሰው ትልቁ መረጃ ይህ ነበር። ያኔ ግን ሰምቼ አለፍኩት።

ምክንያቱም ከስመ ጥሩ ሆስፒታል ኢሜይል መጥቶለት ነበር። እኔም «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ የፈለገህን ያዝ» አልኩት። ተረቱ እውነት ነው፤ ማች ላይ ግን አይሠራም። የማች ዝርዝር ሰው ሁለት ዛፍ፣ ቢያሻው ሃያም ዛፍ፣ ሳይወድቅ የሚወጣበት ቦታ ነው። እንዴት እንደሆነ ላሳያችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ስሌቱን የሚያስረዳውን ቪዲዮ አይታችሁ አልገባችሁም።

ኮምፒውተሩ የሚጀምረው ከእናንተ ዝርዝር ነው። አንደኛ ያደረጋችሁት ጋ ይወስዳችኋል። ፕሮግራሙ አራት ቦታ አለው፣ እናንተን ሰባተኛ አድርጓችኋል እንበል። ከፊታችሁ ካሉት ስድስት ሰዎች ሦስቱ ሌላ ቦታ ከገቡ አራተኛዋ ወንበር የእናንተ ናት። ካልገቡ ወደ ሁለተኛ ምርጫችሁ ትወርዳላችሁ። እዚያ ወንበሮቹ ሁሉ ተይዘው ብታገኟቸውም የተያዙት ለጊዜው ነው፤ ፕሮግራሙ ከእናንተ በታች ያደረገው ሰው ከተቀመጠ ይነሣና ወንበሩ ለእናንተ ይሰጣል፤ የተነሣውም ወደ ራሱ ቀጣይ ምርጫ ይሄዳል። የሚጸናው ሁሉም ሰው አልቆ ነው። ስለዚህ እናንተን የፈለገውን ፕሮግራም አንደኛ ብታደርጉትም ሁለተኛ፣ እሱ ዘንድ ያላችሁ ቦታ አንዲት ደረጃ አይቀንስም። ዝርዝራችሁን አያይም፤ አንደኛ ስላደረጋችሁትም አያመሰግንም።

 ዘዴውን በሒሳብ ያሳዩት ጌልና ሻፕሊ የሚባሉ ሁለት የሒሳብ ሰዎች ናቸው፤ በ1962፣ የጋብቻንና የኮሌጅ ቅበላን ጥያቄ ሲፈቱ። ማች ራሱ ከ1952 ጀምሮ ነበረ፤ ከአመልካቹ ዝርዝር እንዲነሣ የተደረገው ግን በ1998 ነው፤ በኢኮኖሚስቱ በአልቪን ሮዝ እጅ። ሮዝና ሻፕሊ በ2012 የኢኮኖሚክስ ኖቤል አገኙበት። ከ1998 በፊት ስሌቱ የሚጀምረው ከፕሮግራሞቹ ነበር። ያኔ የሠለጠኑ ሲኒየሮች «በብልሃት ደርድር» ሲሏችሁ ድሮ የሰሙትን እየደገሙ ይሆናል። ያኔም ቢሆን ልዩነቱ የሚነካው በጣም ጥቂት ሰው ነበር። እኔ ግን ሰበብ የለኝም፤ ልጁን የመከርኩት ደንቡ ከተለወጠ በኋላ ነው።

ዓርብ ቀን ውጤቱ ሲከፈት ስመ ጥሩው ሆስፒታል ደረሰው። ደስ አለን። ሦስተኛ ዓመቱ ላይ ደወለልኝ። አላማረረም፤ የነገረኝ ቁጥር ነው። «ቆሽት ላይ ስምንት ጊዜ ገብቻለሁ፤ ስምንቱንም ሪትራክተር (ቁስሉን ከፍቶ የሚይዘውን መሣሪያ) ይዤ።» ቢላውን የያዘው ፌሎው ነው። ይህን የማታውቁ ካላችሁ እወቁት፤ በኬዝ መዝገብ ላይ «የመጀመሪያ ረዳት» ተብሎ የተጻፈ ኦፕሬሽን ለቦርድ (ለስፔሻሊስትነት ማረጋገጫው) ከሚያስፈልገው 850 ውስጥ አይገባም። የሚቆጠረው «ሰርጅን» ሆናችሁ የሠራችሁት ነው። ከ850ው ውስጥ 200ው የመጨረሻው፣ የቺፍነቱ ዓመት መሆን አለበት፤ እስከ ሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ደግሞ 250 ይጠበቃል። እሱ ጀማሪ ሳለ የሠራው አብዛኛው የደም ሥር ፖርት መትከልና የቆዳ ሥር እብጠት ማውጣት ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት ላብራቶሪ ገባ። ጽሑፎች አወጣ፤ እጁ ግን ቀዘቀዘ። ሲመለስ በታች ያሉት ካሜራ አያያዝ ቀድመውታል። የጎደለውን የሞላው በመጨረሻው ዓመት፣ ቅዳሜና እሑድ ሳይቀር ከየክፍሉ ኬዝ እየለመነ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ፌሎሺፕ ጨመረ፤ ወድዶት ሳይሆን ብቻውን ኦፕሬሽን ክፍል ለመቆም እንዲደፍር።

ዛሬ ጎበዝ ሰርጅን ነው። ታዲያ ምን ተጎዳ ትሉ ይሆናል፤ እኔም አንዳንዴ እንደዚያ እላለሁ። መካከለኛው ሆስፒታል ስንተኛ አድርጎት እንደነበር አናውቅም፤ የፕሮግራሞች ዝርዝር አይገለጥም። ምናልባት አሥራ አምስተኛ ነበር፣ ምናልባትም ያው ስመ ጥሩው ጋ ይገባ ነበር። ቢያስቀድመው የሚያጣው ነገር እንዳልነበረ ግን አውቃለሁ።

አሁን ወደ እናንተ። የዛሬ ልጆች ሠንጠረዥ ትወዳላችሁ። ለከተማው 15 ነጥብ፣ ለደመወዙ 10፣ ለ«ድባቡ» 20 ሰጥታችሁ ትደምሩና ድምሩ የማትወዱትን አንደኛ ሲያደርገው ነጥቡን ትለዋውጣላችሁ። ከሆነማ መልሱን ቀድሞውንም ታውቁት ነበር። በእርግጥ ከ2020 ወዲህ ቃለ መጠይቁ በአብዛኛው በስክሪን ሆኗል፤ ሬዚደንቶቹ ኮሪደር ላይ እንዴት እንደሚነጋገሩ ያላየ ሰው ሠንጠረዥ ቢወድ አይፈረድበትም።

የሚለየው አንድ ነገር ነው፤ ማን ይቆርጣል? ይህን ፕሮግራም ዳይሬክተሩን አትጠይቁት። የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት ብቻውን አግኙና «ባለፈው ሳምንት ስንት ጊዜ ኦፕሬሽን ክፍል ገባህ? ምን ሆነህ?» በሉት። «ብዙ ኬዝ አለን» ካለ መልስ አልሰጣችሁም፤ ሆስፒታሉ ብዙ ኬዝ ሊኖረው ይችላል፣ ቢላው ግን የፌሎው ነው። ቀንና ኦፕሬሽን ከጠቀሰ ሰምታችኋል። ቺፉን ደግሞ «የመጨረሻውን ከባድ የሐሞት ከረጢት ማን ጨረሰው?» በሉት። የሚመረቁት ስንት ኬዝ ይዘው እንደሚወጡ ጠይቁ፤ 850 ወለሉ ነው፣ ጣራው አይደለም። ፌሎ መኖሩ ብቻውን ክፉ አይደለም፤ የፌሎውና የቺፉ ክፍል ከተለየ ቺፉ ራሱ አለቃ ነው። ችግሩ ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ ነው።

የቦርድ ፈተና ውጤትን መገመት አያስፈልግም። የአሜሪካ ቀዶ ሕክምና ቦርድ የየፕሮግራሙን የማለፍ መጠን ያወጣል፤ የጽሑፉንም የቃሉንም ተመልከቱ። የጽሑፉ ጥሩ ሆኖ የቃሉ ከወረደ፣ ልጆቹ ያነባሉ እንጂ በሽተኛ ፊት እንዲወስኑ አይደረጉም ብዬ እጠረጥራለሁ።

የለቀቁትንም ጠይቁ። በ2017 የወጣ የብዙ ጥናቶች ትንተና አጠቃላይ ቀዶ ሕክምና ከጀመሩት ከመቶ 18 ያህሉ እንደሚያቋርጡ አሳይቷል፤ ስለዚህ «ማንም አልለቀቀም» የሚል ፕሮግራም ካጋጠማችሁ ባለፉት አምስት ዓመታት የገቡትንና የተመረቁትን ቆጥራችሁ አነጻጽሩ። አንድ ሰው ማደንዘዣ ወይም ራዲዮሎጂ መርጦ ቢሄድ ምንም አይደለም። ሦስት ሰው ያንኑ ቀዶ ሕክምና ሌላ ሆስፒታል ሄዶ ከቀጠለ ግን ጥያቄ አለ።

ስለ ሰዓት ትጠይቁኛላችሁ፣ ሁልጊዜ። ደንቡ በሳምንት 80 ሰዓት ነው፤ በአራት ሳምንት አማካይ ነው እንጂ በየሳምንቱ አይደለም። 95 ሰዓት የሠራችሁበት ሳምንት ቀጣዮቹ ከቀለሉ ደንቡን አልጣሰም። መጠየቅ ያለበት ሰዓቱን የሚመዘግበው ሰው እውነቱን ቢጽፍ ምን ይደርስበታል የሚለው ነው። በእኛ ዘመን እንቅልፍ ማጣት እንደ ጀግንነት ይቆጠር ነበር፤ በዚህ እናንተ ትክክል ናችሁ፣ እኛ ተሳስተናል።

ስም ምንም አይደለም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ፌሎሺፕ የምትፈልግ ልጅ ምርምሩና የሲኒየሮቹ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጓታል፤ ለእሷ ያ ስመ ጥር ሆስፒታል ትክክለኛው አንደኛ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የምርምር ዓመታት ለዚያ ትከፍላለች፣ ዋጋውን አውቃ። ያኛው ልጅ ግን አጠቃላይ ሰርጅን መሆን ነበር የፈለገው።

ፕሪሊሚናሪ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ካቴጎሪካል ቦታ አምስቱን ዓመት ይዟል፤ ፕሪሊሚናሪ የአንድ ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ ላለው ማንም ቃል አልገባላችሁም። አንድ ሆስፒታል ሁለቱንም ሊያቀርብ ይችላል፤ ኮዱ ግን ይለያያል። የሆስፒታሉን ቁጥር ተከትሎ 440 ይመጣል፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ፊደል «ሲ» ከሆነ ካቴጎሪካል፣ «ፒ» ከሆነ ፕሪሊሚናሪ ነው። ካቴጎሪካሎቹን ሁሉ ጨርሳችሁ ከታች ፕሪሊሚናሪ ጨምሩ፤ ያም የአንዱን ዓመት ቦታ ከምንም የምትመርጡ ከሆነ ነው። ከመጨመራችሁ በፊት ባለፉት ሦስት ዓመታት እዚያ የነበሩት ፕሪሊሚናሪዎች ዛሬ የት እንዳሉ ጠይቁ። የማትሄዱበትን ፕሮግራም ግን በጭራሽ አትጻፉ፤ ውጤቱ ውል ነው፣ በራስ ፈቃድ ማፍረስ ያስቀጣል።

ከውጭ ተመርቃችሁ ለመጣችሁ፣ ከመደርደር በፊት ቪዛውን አጣሩ። ኤች-1ቢ የሚሰጥ ፕሮግራም ስቴፕ 3 (የሐኪም ፈቃድ የመጨረሻ ፈተና) ያለፈ ሰው ይፈልጋል። ጄ-1 ደግሞ ለሐኪም ሥልጠና በመደበኛው ሰባት ዓመት ነው ጣራው። የምርምር ዓመት ግዴታ ያለበት ፕሮግራም እነዚያን ዓመታት በምን ዓይነት ቪዛ እንደሚያስይዛቸው በጽሑፍ ይመልስላችሁ፤ በኋላ ፌሎሺፕ ስትፈልጉ ሰዓቱ ያለቀ እንዳይሆን።

ዝርዝሩ የሚዘጋው ማርች መጀመሪያ አካባቢ፣ ረቡዕ፣ በአሜሪካ ምሥራቅ ሰዓት አቆጣጠር ማታ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ላላችሁ ሐሙስ ንጋት 11 ሰዓት መሆኑ ነው። የመጨረሻዋን ሰዓት አትጠብቁ። ኢሜይል ደረሰኝ ብላችሁም በመጨረሻው ቀን ማታ ዝርዝር አትገልብጡ። «ከፍ ብለሽ ነው ያለሽው» የሚለው ቃል ፕሮግራሙን አያስርም፤ ቦታው አራት ሆኖ ተመሳሳይ ኢሜይል ለአሥር ሰው ሊላክ ይችላል።

አንቺ ልጅ፣ የላክሽልኝን ዝርዝር ሁለት ጊዜ አየሁት። የወደድሽውን ወደ አንደኛ አውጪው። አራተኛ ያደረግሽው ግን፣ «አምስት ዓመት ነው» ያልሽኝ፣ ኮዱ ላይ ከ440 ቀጥሎ ያለው ፊደል «ፒ» ነው። የዚያው ሆስፒታል ካቴጎሪካል ሌላ ኮድ ነው፤ ዛሬ ማታ ግቢና ተኪው። ለውጥ ካደረግሽ በኋላ ሰርቲፋይ (አጽድቅ) የሚለውን እንደገና ካልተጫንሽ ያስተካከልሽው አይቆጠርም።