ሎርድን ከዳቦ ጋር ምን አገናኘው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። አንድ ተማሪዬ «ሎርድ ማለት ዳቦ ጠባቂ ነው» ብሎ ከጓደኞቹ ጋር ሲከራከር ሰማሁና ምን ብዬ እንደምዳኛቸው ቸገረኝ። እውነት ነው? ሌዲ የሚለውስ ከየት መጣ? (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ጤና ይስጥልን መምህር። ተማሪዎ ስለ ቃሉ መነሻ እውነቱን ነው፤ የሳተው ስለ ትርጉሙ ነው።

ሎርድ በጥንቱ እንግሊዝኛ ጥምር ቃል ነበር፦ «ህላፍ» እና «ወርድ»። ህላፍ ዛሬ «ሎፍ» የሚባለው ነው፤ ያኔ ግን የዳቦ ሁሉ መጠሪያ ነበር። ወርድ ጠባቂ ማለት ነው፤ «ዋርደን» የሥጋ ዘመዱ ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ «ህላፍወርድ» ሆኑ፤ «ው» ቶሎ ተውጣ «ህላፎርድ» ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ለውጥ ለክፍል ትምህርት እጅግ ይመቻል፣ እያንዳንዱ እርምጃ በሌሎች ቃላትም ታይቷልና። በአናባቢዎች መካከል የገባ «ፍ» እንደ «ቭ» ይነበብ ነበር፤ ሎፍ ሲበዛ «ሎቭዝ»፣ ናይፍ ሲበዛ «ናይቭዝ» የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ከ«ል» በፊት የነበረችው «ህ» ጠፋች፤ «ህሉድ» የነበረው «ላውድ» ሆነ። ረጅሙ «ኣ» ወደ «ኦ» ዞረ፤ «ስታን» ስቶን፣ «ሃም» ሆም እንደሆኑት። በዚህ መንገድ «ሎቨርድ» ተባለ፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መሃሉ ላይ የቀረችው «ቭ» ስትወድቅ ሎርድ ሆነ። በስኮትላንድ «ኣ» ወደ «ኦ» ስላልዞረ እዚያ ያለው ወንድሙ «ሌርድ» ነው። ይህን በሰሌዳ ላይ በአምስት መስመር ቢጽፉት ተማሪዎቹ ራሳቸው ሌላ ምሳሌ ይፈልጉለታል።

ሌዲም ከዚያው ቤት ናት። የጥንት ቅርጿ «ህላቭዲየ» ሲሆን፣ ሁለተኛው ክፍል ሊጥ ማቡካትን ከሚያመለክት ሥር እንደመጣ ይታመናል። «ዶ» ማለትም ሊጥ የሚለው ቃልም ከዚያው ሥር ነው። ስለዚህ ባልየው ዳቦ ጠባቂ፣ ሚስቲቱ ዳቦ አቡኪ ነበሩ ማለት ነው። ሦስተኛም ነበረ፦ «ህላፍኤታ»፣ ዳቦ በሊታ፤ በጌታው ማዕድ የሚያድር ሰው። በ600 ዓ.ም. አካባቢ የወጣው የኬንቱ ንጉሥ የኤተልበርት ሕግ የአንድን ተራ ነፃ ገበሬ ዳቦ በሊታ የገደለ 6 ሽልንግ ይክፈል ይላል። ጌትነት በዳቦ እንዴት ይለካ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ አናውቅም።

አሁን ወደ ስህተቱ። ጽሑፍ ላይ ከተገኘበት ጊዜ ጀምሮ ህላፎርድ የሚያገለግለው ለጌታ፣ ለአባወራ፣ ለአለቃ፣ በኋላም ለእግዚአብሔር ነው። ተናጋሪዎቹ ዳቦውን ረስተውት ነበር። ስለዚህ «ሎርድ ከየት መጣ?» ለሚለው መልሱ ዳቦ ጠባቂ ነው፤ «ሎርድ ምን ማለት ነው?» ለሚለው ግን ጌታ ነው። የቃል ጥናት የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሲደባለቁ ነው።

በእኛም ቋንቋ ይኸው አለ። ባልንጀራን «ባለ እንጀራ» ብለን ስንፈታው መነሻውን እንናገራለን እንጂ፣ አብሮን ያልበላን ወዳጅ ባልንጀራ አይደለህም አንለውም። የሚያስደንቀው፣ የእንግሊዝኛው «ኮምፓኒየን» በላቲን «ከዳቦ ጋር» ከሚል ጥምረት መምጣቱ ነው። አንዱ ከሌላው አልተዋሰም፤ ማዕድ መጋራት በሁለቱም ዘንድ ወዳጅነትን ስለወለደ ነው።

ጥያቄ፦ ስቱዋርድ የሚለው ቃል «የአሳማ ጋጣ ጠባቂ» ከሚል መጣ ይባላል። ልክ ነው? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይደለም። ቃሉ «ስቲግወርድ» ነበር፤ ወርድ ያው ጠባቂ ነው። «ስቲግ» ጋጣ ከሚለው ቃል ጋር ስለሚመሳሰል ታሪኩ ተፈጠረ፤ እዚህ ግን አዳራሽ ወይም ቤት ማለት እንደሆነ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ይናገራሉ። ሰውየውም በጽሑፍ የሚገኘው የጌታውን ቤትና ማዕድ ሲያስተዳድር እንጂ አሳማ ሲጠብቅ አይደለም። በስኮትላንድ ይህ ሹመት በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በውርስ ቆይቶ የቤተሰቡ ስም ሆነ፤ በ1371 ዙፋን ላይ የወጣው የስቱዋርት ሥርወ መንግሥትም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው።